ሰማያዊዋን መኪና ማንም እንዳያስነሳት

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከጠዋቱ 2፡30

ለ፦ አሽከርካሪዎች ፈቃድና ትራፊክ ጥፋቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለተያዙ ተሽከርካሪዎች ግቢ ጥበቃ (እጅግ አስቸኳይ)

ጉዳዩ፦ በግቢያችሁ የቆመችው ሰማያዊ መኪና የፊት ፍሬን የማይሠራ መሆኑን ስለማሳወቅ፣ በልጅ ልጄ ላይ የተመዘገበው ጥፋት የእኔ ስለመሆኑ እና መንጃ ፈቃዷ እንዲመለስላት ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እንደ ወጉ ሰላምታው መቅደም ነበረበት። ዛሬ ግን ወደ ታች አውርጄዋለሁ። ይህን ወረቀት እዚህች መስመር ላይ አስቀምጠው ወደ ግቢው ስልክ ያስደውሉልኝ። በሦስተኛው ረድፍ፣ ከግንቡ ጥግ በቆመችው ሰማያዊ መኪና ማንም ቁልፍ እንዳያስገባባት። ግቢያችሁ ቁልቁለት ነው፤ ከቁልቁለቱ ሥር ደግሞ ሰው ተሰልፎ የሚቆምበት መስኮት አለ። ትናንት በአጥሩ ቀዳዳ እንዳየሁት የግቢው ሾፌር መኪኖቹን እያስነሳ ቦታ ያቀያይራል። የእሷን ፔዳል ቢረግጠው ይጠነክርለታል፤ «ፍሬኗ ደህና ነው» ብሎ ይለቃታል። ደህና አይደለም።

ስልኩ ተደውሎ ከሆነ፣ ጤና ይስጥልኝ። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

1. እኔ አመልካች የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነኝ። አርባ አራት ዓመት የፍሬን መካኒክ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ያውቀኛል፤ ባያውቀኝ ይሻለኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ፈቃዴን ላሳድስ ለዓይን ምርመራ ስቀርብ፣ ወዳጄን ጎሚስታውን አስቀድሜ አስገብቼ ፊደሎቹን በቃሉ አጥንቶ እንዲወጣ አድርጌ ነበር። እኔም ገብቼ ከላይ እስከ ታች አንበለበልኩት። ባለሙያዋ እስክጨርስ ሰማችኝና «አባባ፣ ያነበቡልኝ የጠዋቱን ነው፤ ሰንጠረዡን ቀይሬዋለሁ» አለችኝ። ፈቃዴ በዚያው ቀረ። በፋይሌ ላይም «አመልካቹ ቀልደኛ ናቸው» ተብሎ ተጻፈ። ያኔ ስቄበታለሁ። ይህ ቃል ዛሬ አንገቴን እንዴት እንዳነቀኝ ከታች ያዩታል።

2. የልጅ ልጄ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። የምንኖረው በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። እኔ «ሻለቃ» እያልኩ ነው የምጠራት፤ ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ቆማ «አባባ፣ መድኃኒትዎን ይዋጡ! ሹራብዎን ይልበሱ!» ስትል ሰልፍ የምታሰልፍ ስለምትመስል። የሆስፒታል አምቡላንስ ትነዳለች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷታል። ሰኞ ዕለት ፈቃዷ ታገደ፤ ሆስፒታሉም ማክሰኞ፣ እገዳው ከጸና ውሏ እንደሚቋረጥ በደብዳቤ አሳወቃት። እገዳው ለሁለት ዓመት ይጽና አይጽና የሚለውን የጽሕፈት ቤትዎ ኮሚቴ የሚወስነው ነገ ዓርብ ከቀትር በፊት ነው። የቸኮልኩት ለዚህም ነው።

3. ጥፋቱ እንዴት እንደ ተጀመረ። ወዳጄ ጎሚስታው ጎማ ሲነፋ ኖሮ እሱም እንደ ተነፋ የቀረ ሰው ነው፤ ሰፈሩ «ፓምፕ» ይለዋል። ከዛሬ ሁለት ሳምንት በፊት በድሮው ጋራዤ ደጃፍ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ ለልጅ ልጄ አድሼ የሰጠኋትን ያቺን ሰማያዊ መኪና እያየ «አንተና እሷ አንድ ናችሁ፤ ድምፅ አላችሁ እንጂ ጉልበት የላችሁም» አለኝ። «ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ ጎማ አቃጥዬ አሳይሃለሁ» አልኩት። «ከቆምክበት አለመነቃነቁን እንኳ አምንሃለሁ» አለ። የተሸነፈ የአሸናፊውን ወንበር አንድ ወር ሊሸከም ተወራረድን። የሁለታችን ዕድሜ ሲደመር መቶ ሃምሳ ሦስት ነው። አፍሬበት ነው የምጽፈው፤ ያኔ ግን አላፈርኩም።

4. ለማያውቀው ሰው ልግለጽ። መኪናዋ የምትገፋው በኋላ ጎማዎቿ ነው። የፊት ጎማዎቹን ፍሬን ቆልፎ የኋላዎቹን መልቀቅ ከተቻለ፣ መኪናዋ ስንዝር ሳትሄድ የኋላ ጎማዎቿ እንደ ወፍጮ ይዞራሉ፤ ጎማው መሬቱን እየላሰ ይጨሳል። ወጣቶቹ ለዚህ ተብሎ የተሠራ መቆለፊያ ገዝተው በጣት ይጫኑታል አሉ። እኔ መግዛት አላውቅም፤ የማውቀው መሥራት ነው። ዓርብ ኅዳር 6 ቀን፣ ልጅቷን «ዘይት ልቀይርልሽ» ብዬ ዋሽቼ ቁልፉን ተቀበልኳት። ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ቱቦ አዙሬ፣ ከተሰበረ ሃይድሮሊክ ፕሬስ የፈታሁትን የነሐስ ቫልቭ መሐሉ ላይ አስገባሁ። ቦታው ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ከምንጣፉ በታች ነው። የቫልቩ እጀታ ጠፍቶ ስለነበር ከሾርባ ማንኪያ እጀታ መክፈቻ ሠራሁለት። መክፈቻው የሚነቀል ነው።

5. ቅዳሜ ኅዳር 7 ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ። ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች፤ ቅዳሜ የሚወስዳት የሆስፒታሉ ሰርቪስ ነው። በጋራዡ ግቢ ውስጥ፣ በሩን ዘግተን፣ ከእኔና ከፓምፕ በቀር ማንም ሳይኖር መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጥኩ። ቫልቩን ዘጋሁ፤ ግፊቱ የፊት ጎማዎቹ ላይ ታስሮ ቀረ። እግሬን አነሳሁ፤ የኋላዎቹ ተለቀቁ። አንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ።

የተከበሩ ኃላፊ፣ መዋሸት ስለማይገባኝ እውነቱን እጽፋለሁ፤ ደስ አለኝ። መኪናዋ እንደ ታሰረ ወይፈን ተንቀጠቀጠች፣ ጮኸች፣ ግን ከቆመችበት አልሄደችም። ጭሱ ግቢውን ሞላው። ፓምፕ ወንበሩን ይዞ ወደ ግንቡ ሲሸሽ በመስታወት አየሁት፤ እያሳለ «በቃ! በቃህ! አምኛለሁ!» ይላል። እኔ ግን ነዳጁን ጨመርኩለት። ከጀርባችን ካለው ፎቅ አንዲት ጎረቤት ልብስ ልታሰጣ ወጥታ በስልኳ ቀረጸችን። በቀረጸችው ምስል ላይ ሰሌዳው ይታያል፤ ሾፌሩን ግን ጭሱ ሸፍኖታል።

6. ዋናው ጥፋቴ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጨርሼ ቫልቩን ከፈትኩት፤ የፊት ጎማዎቹ ተፈቱ። መኪናዋን ወደ ቦታዋ መልሼ አቆምኳት። እስከዚህ ምንም አልሆነም። ነገር ግን ፍሬን የሚሠራ ሰው፣ ከቱቦው ውስጥ አየር ለማስወጣት በየጎማው ያለችውን ትንሽ ብሎን ይከፍትና ሲጨርስ ይዘጋታል። ካልዘጋት ሰው ይሞታል። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ለማስተምራቸው ሁሉ የምላቸው አንድ ነገር ነበር፦ «የከፈትከውን ሳትዘጋ እጅህን አትታጠብ።» በዚህ ቃል ስንቱን ገሥጬበታለሁ፤ አንዱን እንዲያውም አባርሬበታለሁ።

ቅዳሜ ዕለትም እጄ ልማዱን አደረገ። ወንበሩ ሥር ገባ፤ የተከፈተ ነገር አገኘ፤ ዘጋው። መክፈቻውን ነቀልኩና ኪሴ ከተትኩ። ፓምፕ ወንበሬን ተሸክሞ እያጉረመረመ ሲሄድ እየሳቅሁ እጄን ታጠብኩ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የዚያች መኪና የፊት ጎማዎች ፍሬን የላቸውም።

7. ሰኞ ኅዳር 9 ቀን ጠዋት 12፡40። ልጅቷ ወደ ሥራዋ ስትሄድ በዳቦ ቤቱ ቁልቁለት ወረደች። ከታች የዳቦ ወረፋ አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ነበር። ረገጠች፤ ፔዳሉ ጠነከረ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። የያዘላት የኋላው ብቻ ነው፤ የኋላ ጎማዎቹ ደግሞ ቅዳሜ እኔ የላጥኳቸው ናቸው። ማርሽ ቀነሰች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ጡሩምባውን እየነፋች ከሰዎቹ ወደ ቀኝ ጠምዝዛ የሕንፃ መሥሪያ አሸዋ ክምር ውስጥ ገባች። ሰው አልተነካም። እሷ ግንባሯን ሦስት ቦታ ተሰፋች። ለፖሊስ የሰጠችው ቃል በፋይሉ አለ፦ «ረገጥኩት፤ ጠንካራ ነው፤ መኪናው ግን አልቆመም።» ማንም አላመናትም። የተናገረችው ግን እንከን የሌለው የፍሬን ምርመራ ነበር፤ እኔ እንኳ ከዚያ አሳጥሬ አልጽፈውም።

8. ማክሰኞ የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ መኪናዋን መርምሮ «ፍሬን፦ ደህና» ብሎ ጻፈ። እሱን አልወቅስም። ቆማ ባለች መኪና ላይ ፔዳሉን ረገጠው፤ ጠነከረለት። ዘይቱን አየ፤ ሙሉ ነው። ፔዳሉ የጠነከረው ግን የፊቱ መንገድ ስለተዘጋና ዘይቱ የሚሄድበት ስላጣ ነው። የተዘጋ በር ሲገፉት ከተከፈተው ይልቅ ጠንካራ አይደል? በዚህ የተነሣ ሪፖርቱ፣ ፍሬኑ ደህና ከሆነ ያልረገጠችው ሾፌሯ ናት የሚል ሆነ። በላዩ ላይ የጎረቤቷ ምስል መጣ። መርማሪው አሳይቷት «ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ?» ሲላት፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብላ ፈረመች።

9. ለምን እንደ ፈረመች እስከ ትናንት ከሰዓት አላወቅሁም ነበር። መፈረሟንም አላወቅሁም። ስለዚህ ይህን አንቀጽ ሲያነቡ እኔ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ይፈርዱ ዘንድ እጽፈዋለሁ።

ሰኞ ማታ ግንባሯ ታስሮ እራት ስትቀርብ «ሻለቃ፣ ጠላት አሸዋው ውስጥ ተደብቆ ነበር እንዴ?» አልኳት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሷም ስፌቱን በእጇ ይዛ ትንሽ ሳቀች። ማክሰኞ «የትኛው ፍሬን፣ የትኛው ነዳጅ እንደሆነ ፔዳሎቹን ቀለም ልቀባልሽ?» አልኳት። ያን ቀን አልሳቀችም። ልጄ፣ ማለትም አባቷ፣ «አባዬ፣ ተዋት» አለኝ፤ እኔ ግን ነገር ከጀመርኩ የቁልቁለት መኪና ነኝ። ትናንት ረቡዕ ምሳ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አፌን ስከፍት ማንኪያዋን አስቀምጣ «አባባ፣ ረግጬው ነበር እኮ» አለችኝ። አልጮኸችም። ተነሥታ ክፍሏ ገባች።

ከጎረምሳ ጋር የተጣላሁ ያህል ከፋኝ። እስኪበርድልኝ ልውጣ ብዬ ቅዳሜ የለበስኩትን ኮት አነሳሁ። እጄን ኪሴ ስከት የማንኪያ እጀታ ነካሁ።

መክፈቻው ኪሴ ውስጥ ካለ፣ እጄ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። የጨረስኩት ሥራ ደግሞ ምንጊዜም ዝግ ነው። በሩን እንደ ከፈትኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ምራቴ «አባባ፣ በሩን ይዝጉት እንጂ ብርድ ይገባል» ስትለኝ ነው የባነንኩት።

10. ወዲያው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ የልጅቷን ፋይል አውጥታ የባለሙያውን ሪፖርትና የተፈረመውን ቃል አነበበችልኝ። «እኔ ነኝ ያደረግሁት፤ እሷ ሥራ ላይ ነበረች» አልኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «አባባ፣ ትናንት አንዲት እናት መጥተው ልጄ አይደለም የነዳው እኔ ነኝ አሉ፤ መሪውን ግን በስንት እጅ እንደሚይዙት አያውቁም። የእርስዎ ደግሞ ፋይልዎ ላይ ቀልደኛ ይላል። ጎማ ያጨሰው የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው ብዬ አለቃዬ ጋ ልግባ?» ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። በሌላ ቀን ቢሆን እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ስለ ቫልቩ ስነግራት «በጽሑፍ ያምጡ» አለችኝ። ወደ ግቢው ሄድኩ፤ ጥበቃው «ያለ ወረቀት አይገባም» አለ። ስለዚህ ወረቀቱ ይኸው።

ቤት ተመልሼ ልጅቷን «ለምን ፈረምሽ?» አልኳት። በምስሉ ጥግ ላይ የፓምፕን ታጣፊ ወንበር አይታ ነበር። ያን ወንበር ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ወንበሩ ባለበት እኔ አለሁ። «ፈቃድ የለዎትም፤ በዚህ ዕድሜዎ እስር ቤት ልጠይቅዎት ነው? አንድ ጎማ ማጨስ ቀላል ቅጣት መስሎኝ ነው» አለችኝ። ከሪፖርቱ ጋር ተደምሮ እንጀራዋን እንደሚወስድባት አላወቀችም። ፍሬኑን የዘጋሁት እኔ መሆኔን ስነግራት ወደ ቀኝ እግሯ ተመለከተች። ከዚያ «እንግዲያው በትክክል ነው የረገጥኩት ማለት ነው» አለች። ከሁሉ የነካኝ ይህ ነው፤ ለካ ሦስት ቀን ሙሉ እግሯን ስትጠራጠር ነበር። አምቡላንስ የምትነዳበትን እግር።

11. ቀልደኛ ነውና አይታመንም እንዳልባል፣ ቃሌን ሳይሆን ብረቱን ይጠይቁት።

ሀ) የሾፌሩን ወንበር ወደ ኋላ ገፍታችሁ ምንጣፉን ስታነሱ ቫልቩን ታገኙታላችሁ። በባለሙያው ሪፖርት ላይ አልተጠቀሰም፤ እኔ ካልሠራሁት በምን አውቄው?

ለ) አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፣ ሌላው የፊት ጎማዋን አየር ማስወጫ ብሎን ይክፈት። አንዲት ጠብታ ዘይት አትወጣም። የኋላዋን ሲከፍት ይፈስሳል። ይህ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ሲሠራም ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ።

ሐ) የቫልቩ ራስ በእጅ አይዞርም። የሚያዞረው አንድ መክፈቻ ብቻ ነው፤ እሱም ከቅዳሜ እስከ ዛሬ ከእኔ ኪስ አልወጣም። ልጅቷ ብታውቅ እንኳ ልትከፍተው አትችልም ነበር።

12. ስለሆነም የምለምነው፦ ባለሙያው መኪናዋን ዛሬውኑ ዳግም እንዲመረምራት፤ ውጤቱ ነገ ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት እንዲቀርብለት፤ ልጅቷ ያልነበራትን ፍሬን አልተጠቀመችም ተብላ እንዳትቀጣ፤ ጎማውን አጨስኩ ብላ የፈረመችው ቃልም እኔን ለመሸፈን የተሰጠ መሆኑ ተመዝግቦ ፈቃዷ እንዲመለስላት ነው። የውሸት ቃል መስጠቷ ጥፋት ነው ከተባለ፣ ያን ውሸት ያስተማራት ማን እንደሆነ የዓይን ሰንጠረዡ ይመስክር።

ጎማ ያጨስኩት፣ ያለ ፈቃድ መሪ የያዝኩት፣ የሰው መኪና ፍሬን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የነካሁት፣ ዘግቼም የሄድኩት እኔ ነኝ። የሚገባኝን ቅጣት ለመቀበል ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ከመስኮታችሁ ፊት እቆማለሁ። ዕድሜዬ ታይቶ እንዲቀልልኝ አልጠይቅም፤ ቅዳሜ ዕለት ዕድሜዬን ያየልኝ አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

በፋይሌ ላይ «ቀልደኛ» የሚለው አይሰረዝልኝ፤ እውነት ነው። ከሥሩ ግን «ኅዳር 12 ቀን አልቀለዱም» ተብሎ ይጨመርልኝ።

ከታላቅ አክብሮት፣ ዘግይቶም ቢሆን ከመጣው ሰላምታዬ ጋር፣

(ፊርማ)
የሻለቃ አያት፣ ጡረተኛ የፍሬን መካኒክ

ምስክር፦ ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ሲያጨስ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ያስለኛል። በምስሉ ላይ ያለው ወንበር የእኔ ነው። ውርርዱን የተሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ከትናንት ጀምሮ ሁለቱንም ወንበሮች የሚሸከመው እሱ ነው፣ አልከለከልኩትም። (ፊርማ) ጎሚስታው

አባሪ፦ ከማንኪያ እጀታ የተሠራ መክፈቻ፣ አንድ። ወደ ግራ ሩብ ዙር ነው። ሥራው ሲያልቅ ክፍቱን ይተዉት፤ መክፈቻውንም ለእኔ አይመልሱልኝ።